የሳሳ አየር

ልጆቼ ስለተበተኑ እግሬ አያርፍም። አንዱ ሮቤ፣ አንዷ ቆላው ደሎ መና፤ እኔ ጎባ ያለችውን ቤቴን እየቆለፍኩ ስዞር ኖርኩ። ዞሬ ዞሬ ግን ጎባ ነው የምገባው፤ ለቅቄው መኖርን አስቤ አላውቅም። ዘንድሮ ከገበያ ስመለስ ትንፋሼ እያጠረኝ፣ ዳገቷ ላይ በየሰው ደጃፍ መቀመጥ ጀመርኩ። ሐኪም ቤት ሄድኩ።

የተቀበለችኝ ነርስ ከጎጃም የመጣች ልጅ ናት። ጣቴን በምትቆነጥጥ ትንሽ መሣሪያ ይዛ ቁጥሩን አየችና፣ «እማማ፣ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ሳስቷል» አለችኝ።

«ለማን ነው የሳሳው?» አልኳት።

ሳቋ አመለጣት። እኔ ግን የምሬን ነበር። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የሚሳሳልኝ ሰው ስላጣሁ ነው መሰለኝ፣ ጆሮዬ ቃሉን በዚያ በኩል ያዘው።

«ኧረ ቀጥኗል ማለቴ ነው!» ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። አየር አንድ ነገር ብቻ አይደለም አለችኝ። ከአምስት እጅ አራት የሚጠጋው ናይትሮጅን ነው፤ ገብቶ እንዲሁ ይወጣል። አንድ እጅ ገደማው ኦክስጅን ነው፤ በሕይወት የሚያቆየን እሱ። ከተረፈችው ቅንጣት ውስጥ ደግሞ አርጎን የሚሉት አለ፤ ከማንም ጋር አይገጥምም። «ብቸኛ ነው» አለች።

«ታዲያ ደሎ መና ኦክስጅኑ ይበዛል?» አልኳት።

«ድርሻውስ ያው ነው። ግን አየርም ክብደት አለው፤ የላዩ የታቹን እየተጫነ ቆላው ላይ ይጠቀጠቃል። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ይሳሳል። ከደመናው ሁሉ በላይ፣ የፀሐይን ክፉ ጨረር የሚከለክለው ኦዞን ያለበት ንብርብር ጋ ቢደርሱማ መተንፈስ የለም። እርስዎ ይውረዱ እማማ።»

ለልጄ ደወልኩ። «እማዬ፣ ነገ በመጀመሪያው መኪና ውረጂ!» አለች። ቁልፌን ለጎረቤቴ ሰጠኋት። «ናጋቲ» ብላ በኦሮምኛ ተሰናበተችኝና፣ ዓይኗን እንዳላይ ቶሎ ዞረች።

ደሎ መና ትንፋሼ ሞላ። ልጄ ግን ጠዋት ሱቅ ወጥታ ሲመሽ ነው የምትመለሰው፤ ልጆቿ ትምህርት ቤት ይውላሉ። ጎባ ደክሞኝ ስቀመጥ፣ ባለ ደጃፉ ሁሉ ወጥቶ ያዋራኝ ነበር። እዚህ ሳላርፍ እሄዳለሁ፤ ማንም አያስቆመኝም።

ትናንት ልጄ፣ «ትንፋሽሽ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«በጣም ደህና ነው» አልኳት። ሌላውን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት።