በእጄ ይዤው የመጣሁት

የአባቴን ቲማቲም የገደልኩት እኔ ነኝ። ይህንን ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ያውም ቫይሮሎጂ እየተማርኩ፣ ያውም ከክፍሉ ጎበዙ እኔ ነኝ ብዬ እየተኮፈስኩ።

ወልድያ የዕጽዋት ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። አንድ አርብ ቤተ ሙከራ ውስጥ የታመመ የቲማቲም ቅጠል ፈጭተን ጭማቂውን ጤነኛ ቅጠል ላይ በጣታችን አሸን። ቫይረሱ በዓይን አይታይም፤ ቅጠሉ ላይ በምትገኝ ትንሽ ጭረት ይገባል። ስንጨርስ እጃችንን በሳሙና ደጋግመን እንድንታጠብ፣ ጋዋናችንንም ይዘን እንዳንወጣ መምህሩ አስጠነቀቁን። እኔ ወደ መርሳ የሚሄደው ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ እጄን በውኃ ለቅለቅ አደረግሁና ጋዋኑን ቦርሳዬ ውስጥ ጠቅጥቄ ሮጥኩ። ቅዳሜ መርሳ አቅራቢያ፣ ግራና ከተማ አጠገብ ባለው ማሳችን ያንኑ ጋዋን ለብሼ የቲማቲሙን የጎን ቡቃያ በጣቴ ስሰብር ዋልኩ። ጋዋኑን የለበስኩት፣ እውነቱን ልናገርና፣ የመንደሩ ሰው እንዲያየኝ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ ቅጠሉ ዥጉርጉር ሆኖ ጫፉ ቀጥኗል። ወዲያው አወቅሁት። እንዲያውም ለአፍታ ደስ አለኝ፤ ደብተሬ ላይ ያለውን በዓይኔ አየሁት። ከዚያ አባቴን ማስተማር ጀመርኩ። መድኃኒት የለውም፣ በሰው እጅ ይተላለፋል፣ በወንፈል ከማሳ ማሳ እየዞሩ የሚሠሩት ጎረቤቶቻችን ያመጡት ይሆናል አልኳቸው። በማግስቱ ጎረቤቶቻችን ቲማቲሙን እንጨት ላይ ሊያስሩልን ሲመጡ አባቴ ማሳው ዳር ቆመው ሳሙናና ውኃ አቀረቡላቸው፤ ሳትታጠቡ አትግቡ አሏቸው። እኔ ከአባቴ ኋላ ሆኜ በአዎንታ ራሴን እነቀንቃለሁ።

ከሁሉም የሚቀርቡን አዛውንት ጎረቤት ሳሙናውን አዩና አባቴን አዩ።

«በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የምናደርግበት እጅ ነጃሳ ሆነ?» አሉ፤ ተመልሰው ሄዱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማሳችንን የረገጠ ሰው የለም። አባቴ ለብቻቸው ሲያስሩ፣ ለብቻቸው ውኃ ሲያጠጡ፣ በራሳቸው እጅ በሽታውን ወደ ቀሪው መደብ ሁሉ አዳረሱት።

በሽታውን ካየሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማሳው ተመልሼ ለኮርሱ ዘገባ የታመሙትን መደቦች ወረቀት ላይ ሳስቀምጥ አንድ ነገር ገባኝ። ከሁሉ አስቀድመው የታመሙት የቦዩ ዳር አራት መደቦች ናቸው። ያን ቅዳሜ ቡቃያቸውን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ እስኪታመሙ ድረስ እነዚያን አራቱን ከእኔ በቀር የነካቸው ሰው አልነበረም። ጋዋኑ ትዝ አለኝ። እዚያው ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቲማቲሙስ ይሁን፣ ሌላ ዓመት ይተከላል። የዕድሜ ልክ ጉርብትና ግን ምን ተብሎ ይተከላል?

አባቴ የታመመውን ይነቅሉ ነበር። አጠገባቸው ሄጄ፣ «አባ፣ ያመጣሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። አርቡን፣ ጋዋኑን፣ ያልታጠብኩትን እጄን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጎረቤቶቻችን ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ እውነቱን ልናገር ብዬ ለመንኳቸው።

የያዙትን ግንድ ነቅለው እስኪጥሉ አላዩኝም።

«ለማንም እንዳትናገር» አሉኝ። «እኔን ባለጌ ይበሉኝ፣ ሽማግሌ ነኝ፣ እችለዋለሁ። አንተን ግን በሽታ ይዞ መጣ ካሉህ፣ ተመርቀህ ስትመጣ ማን ማሳው ያስገባሃል?»

እሺ ማለት እንደዚያ ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም፤ እሺ አልኩ። ጎንበስ ብዬ ከጎናቸው መንቀል ጀመርኩ። ረፋዱ ላይ አዛውንቱ ጎረቤታችን በቦዩ ማዶ አለፉ። አባቴ ቀና ብለው፣ «አሰላሙ አለይኩም» አሏቸው።

ሰውየው ሳይመልሱላቸው ሄዱ። አባቴ እዚያው እንደቆሙ መንገዱን ሲያዩ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ቀጣዩን ተክል ነቀልኩ።