ከጋሽ ከማል ጋር በር ላይ

የሥርዓተ ጾታ ጥናት ተመራማሪ ነኝ። የምኖርበት የስዊድኑ ሁስቢ ሰፈር ሐበሾች ግን የሴቶች ጤና የማጠና ይመስላቸዋል፤ እኔም አላረምኳቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ የትራንስጀንደር ጉዳይ ተመራማሪዎችና ተሟጋቾች የሙያ ማኅበር ሊመሠርቱ ከሰፈራችን አጠገብ ኪስታ ውስጥ ባለ አንድ አዳራሽ ተጠራርተው ነበርና ሄድኩ። አዳራሹ በር ላይ ከመስጊድ ከማይጠፉት ጎረቤቴ ከጋሽ ከማል ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን።

«እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን እግር ጣለዎት?»

«ጥርስ ሐኪም ፈልጌ ነው። አንቺስ?»

«እኔ እንኳን ፎቅ ተሳስቼ ነው።»

ሁለታችንም ግን ከበሩ ንቅንቅ አላልንም። ስለ ብርዱና ስለ ባቡሩ መዘግየት አወራን። «በይ እንግዲህ ሂጂ» ይሉኛል፤ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» እላለሁ።

በዚህ መሀል ስብሰባውን የጠራችው፣ በኢሜይል ብቻ የማውቃት ምሁር ብቅ አለች። «ፓፓ» አለቻቸው በስዊድንኛ፣ «መክፈቻውን የምትናገረው አንተ ነህ እኮ። ሰው ሁሉ እየጠበቀህ ነው።»

እኔ የማውቀው ጋሽ ከማል አንድ ወንድ ልጅ ብቻ እንዳላቸው ነው። አንዴ እሷን፣ አንዴ እሳቸውን አየሁ።

«ልጄ ናት» አሉኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣ «ይቺ ጎረቤቴ ፎቅ ተሳስታ ነው የመጣችው፤ ሊፍቱን አሳዪያት» አሏት።

በትሕትና እስከ ሊፍቱ ሸኘችኝ።