የበቅሎዋ ጉድጓድ

ከሚስቴ ወንድም ጋር ሰባት ወር የተኳረፍነው በአንድ ጉድጓድ ምክንያት ነው። ጥልቀቱ ጉልበት አይደርስም፤ ስፋቱም የባልዲ አፍ ቢያክል ነው። ይህን ያወራሁለት ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ አልስቅም፤ አሁንም ሳነሳው ደሜ ይፈላል።

ሥራዬ ዳውንታውን አትላንታ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ኮንክሪት ሥር ቆሜ የሰው መኪና ጭስ እስባለሁ፤ ትኬት የጠፋበት ሁሉ የጣልኩበት እኔ ይመስል ይጮህብኛል። አንድ ቀን የአንዱ ደንበኛ መኪና ውስጥ ብረት መፈለጊያ ማሽን አየሁና ምን እንደሚያደርግበት ጠየቅኩት። ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ተኩል ሲነዳ፣ ተራራው ሥር፣ የድሮ ወርቅ ማውጫ እንዳለ ነገረኝ። ካሊፎርኒያ በወርቅ ሳትታወቅ በፊት ሰው የጎረፈው ወደዚያ ነው አለኝ። መሬቱ የቼሮኪ ሕዝብ ነበር፤ ወርቅ ሲገኝበት እነሱ ተባረሩና ነጮቹ በሎተሪ ዕጣ አውጥተው ተከፋፈሉት። እኔም አሜሪካ የገባሁት በዲቪ ሎተሪ ስለሆነ ይህቺ ነገር አልተዋጠችልኝም። ቢሆንም ወር ሳይሞላ ማሽኑን ገዛሁ።

ማሽኑ ረጅም ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ ሳህን የመሰለ ነገር አለው፤ ድምፁ በሄድፎን ይሰማል። ብረት ሲያገኝ ያጉረመርማል፣ ወርቅ ሲያገኝ ለስለስ አድርጎ ይጮሃል። ጉዱ፣ የቢራ ቆርቆሮ መክፈቻም ልክ እንደ ወርቅ መጮሁ ነው። ሁለት ዓመት ተንበርክኬ ቆፍሬ ያገኘሁት ወርቅ አንዲት የምስር ክክ አያክልም። የተረፈው የዛገ ምስማር፣ የወታደር ኮት ቁልፍ፣ የተሰበረ አካፋ ነው። ሚስቴ ጋራዡን በቆሻሻ ሞላኸው ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን ቅዳሜ ጠዋት ያ ወንዝ ዳር ስቆም የሚጮህብኝ ሰው የለም፤ ለእኔ ይህ ይበቃኝ ነበር።

መሬቱ ባለቤት አለው። ሰማንያን ያለፈ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ቃል የሚቆጥብ ነጭ ገበሬ ነው። ሦስት ጊዜ ሄጄ አይሆንም ብሎ መልሶኛል። በአራተኛው በሩን ከፈተልኝና አንድ ነገር ብቻ አለኝ፤ የቆፈርከውን ድፈን። ከዚያ ወደ ግጦሹ ወስዶ በቅሎውን አሳየኝ። አርጅታ ለምንም የማትሆን በቅሎ ናት፤ እሱ ግን በየማለዳው ይቦርሻታል። ጉድጓድ የሚደፈነው ለእሷ ሲባል መሆኑን እንድረዳ ነው ያሳየኝ፤ ተረዳሁ። ከዚያ ወዲያ አንድም ጉድጓድ ክፍት ትቼ ሄጄ አላውቅም፤ አፈሩን መልሼ፣ ሣሩን እንደ ክዳን ገጥሜ፣ በጫማዬ ረግጬ ነው የምነሳው።

የሚስቴን ወንድም ወደዚያ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ስህተቱ ከዚያ ይጀምራል። ያኔ ስቶን ማውንቴን ባለው ቤታችን ቤዝመንት ውስጥ ይኖር ነበር፤ ዱሉዝ የሚባል ከተማ ዕቃ መጋዘን፣ ዌርሀውስ ይሠራል። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ማሽኑ ዝም ሲል ይነጫነጫል፣ ሲጮህ እንደ መቃብር ቆፋሪ ይቆፍራል፣ ያገኘው ቆርቆሮ ከሆነ ተሳድቦ ጥሎት ይሄዳል። በመሀል በመሀል ከኪሱ ገብስ ቆሎ እየዘገነ ይቅማል፤ ግማሹ መሬት ይፈሳል። የእሱን ጉድጓድ ሁልጊዜ የምደፍነው እኔ ነበርኩ።

አንድ ሐሙስ እኔ ሥራ ላይ ሆኜ፣ ማሽኔን ከጋራዥ አውጥቶ ብቻውን ሄደ። እኔ አላወቅኩም። አርብ ጠዋት ባለመሬቱ ሥራ ቦታ ደወለልኝና ና አለኝ፤ ምክንያቱን አልነገረኝም። ስደርስ በቅሎዋ ወንዙ ዳር በጎኗ ተኝታለች። የፊት እግሯ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ተሰብሮ፣ ሰውዬው ራሱ ተኩሶ ነው የገላገላት። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አጠገቧ ቆሟል። ጉድጓዱን አየሁት። አፉ ላይ የዛገ የጣሳ ክዳን ተጥሏል፤ ዙሪያውን ገብስ ቆሎ ተበትኗል።

"ይሄ የማን ነው?" አለኝ።

የእኔ ነው አልኩ። ለምን እንዳልኩ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። የሚስቴ ወንድም ሲቲዝንሺፕ አፕላይ አድርጎ ኢንተርቪው እየጠበቀ ነበር፤ ሰውዬው ያለ ፈቃዴ መሬቴ ገባ ብሎ ቢከሰው ወረቀቱ ይበላሻል ብዬ ፈራሁ። ሰውዬው ብዙ አልተናገረም። ከእንግዲህ እዚህ መሬት ላይ ማሽን አይገባም አለ። የበቅሎዋን ዋጋ ልክፈልህ ስለው እኔን አይቶ ባርኔጣውን ደፋ፤ በሐፍረት አፈር ሆንኩ። ቆይቶ፣ መንገድ ዳር ያለው አጥር እንደበሰበሰና ከፈለግኩ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ላድስለት እንደምችል ነገረኝ። ሲያልቅ ምን እንደሚሆን አላለም። እኔ ግን አጥሩን ካሳመርኩለት መሬቱን ይመልስልኛል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ያቺን ቅዳሜዬን ማጣት አልፈለግኩም።

እንደተመለስኩ ልብሴን ሳልቀይር ቤዝመንት ወረድኩ። የሚስቴ ወንድም ሶፋ ላይ ተጋድሞ ኳስ ያያል። ስጠይቀው ቀና እንኳ አላለም።

"ጋሼ፣ አንተ ትሙት፣ እኔ አይደለሁም፤ ሐሙስ ኦቨርታይም ነበርኩ" አለኝ።

በእኔ ሞት ሲምል አፉ ውስጥ ቆሎ ነበር። ልብሱን ሰብስቦ ከቤቴ እንዲወጣ ነገርኩት፤ ወጣ፤ ዱሉዝ ክፍል ተከራየ። ሚስቴ አለቀሰች። በዓል ሲመጣ ምግቡን በሁለት ዕቃ እየቀነሰች ግማሹን ይዛ ወደ እሱ ትነዳ ነበር። ይቅር በለው ስትለኝ፣ ምኑን ነው ይቅር የምለው፣ አይደለሁም ብሏል እኮ እላታለሁ። ጠላሁት። በጉድጓድ ተባርሬ ጉድጓድ ቆፋሪ ሆኜ ቀረሁ፤ በየቅዳሜው ለአጥሩ ምሰሶ መሬቱን ስወጋ በየምቱ የምረግመው እሱን ነበር። ባለመሬቱ አንዳንዴ ውሃ አምጥቶ ምሰሶው ሥር ያስቀምጥልኝና ሳይናገር ይመለሳል። እሱም የሚጠላኝ ይመስለኝ ነበር፤ አልፈረድኩበትም።

ሦስት ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያን ሊያስታርቁን ሁለት ጊዜ ቤቴ መጥተዋል። ሁለቱንም ጊዜ የመኪናቸውን ድምፅ ስሰማ በጋራዥ በኩል ወጥቼ ጠፋሁ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ቅዳሜ የት እንደምገኝ የነገረቻቸው ሚስቴ ናት።

አጥሩ ሊያልቅ ሁለት ምሰሶ ሲቀረው መጡ። ረፋድ ላይ አንድ ሚኒቫን በሩ ጋ ቆመና ሦስቱ ሽማግሌዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ደርበው ወረዱ። የሚስቴ ወንድም ከኋላ ወረደ። ማንንም ሳያይ መንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ገባ፣ አንድ ትልቅ ነጭ ድንጋይ ፈልፍሎ አወጣ፣ ጫንቃው ላይ አደረገው። ከዚያ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ፊቴ ቆመ።

የአገር ደንብ ነው። የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቆማል፤ የተበደለው ይቅር ብሎ አውርድ እስኪለው ድረስ አያወርድም። ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ጆርጂያ ተራራ ሥር፣ በሰው በር ላይ አያለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ትልቁ ሽማግሌ ጥፋቱን ማመኑን ነገሩኝ፤ ሽበታችንን አይተህ አውርድ በለው አሉኝ።

"ይቆይ" አልኳቸው። "እኔ ሰባት ወር ቆሜያለሁ፤ እሱም ትንሽ ይቁም። እርስዎ ጥላ ሥር አረፍ ይበሉ።"

ማንም አላረፈም። ድንጋዩ ከባድ ነበር። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ ደስ አለኝ። ጀርባዬን ሰጥቼው ምሰሶዬን ማስተካከል ቀጠልኩ።

ያላሰብነው ባለመሬቱን ነው። በመስኮቱ ሲያይ፣ የማያውቃቸው ሦስት ጥቁር ሰዎች ነጭ ጨርቅ ደርበው በሩ ላይ ቆመዋል፤ አራተኛው ከመሬቱ ድንጋይ አውጥቶ ትከሻው ላይ ጭኗል። ያ ነጭ ድንጋይ ደግሞ የድሮዎቹ ሰዎች ወርቅ ለማግኘት ይፈጩት የነበረው ዓይነት ነው። ድንጋዩን ሊሰርቁ ይሁን ሰው ሊወግሩበት አልገባውም፤ ፖሊስ ጠራ። ፖሊሱ ቅርብ ኖሮ ሳይቆይ ደረሰ። ወጣት ነው። ከመኪናው ሲወርድ እጁ ሽጉጡ ላይ ነበር።

ድንጋዩን ጣል አለው። የሚስቴ ወንድም አልጣለም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመለት፤ ሽጉጡም ወጣ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን አነሱ፤ እኔም አካፋዬን ጥዬ አነሳሁ። የሚስቴ ወንድም እንግሊዝኛ ከእኔ የተሻለ ይችላል፤ ሰምቷል፣ ገብቶታልም። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ በአማርኛ ተናገረኝ።

"ጋሼ፣ አንተ ካላልከኝ አላወርድም።"

የዚያን ጊዜ ልቤ አልራራም። ተናደድኩ። ሰባት ወር የዋሸኝ ሰው ዛሬ ሽጉጥ ፊት ደንብ አክባሪ ሆነብኝ፤ ነፍሱን በእኔ አፍ ላይ አንጠልጥሎ ቆመ። እህቱን አሰብኳት። ምን ብዬ እነግራታለሁ?

"ይቅር ብዬሃለሁ" አልኩት። "አውርድ። ቀስ ብለህ አውርድ።"

ተንበርክኮ አወረደው። ፖሊሱ ሽጉጡን ሳይመልስ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ወደ ላይ እንዳደረጉ መመረቅ ጀመሩ። ተሳሳሙ አሉን፤ ተሳሳምን። ጉንጩ ላብና አፈር ነበር። ፖሊሱ ምን እየሆነ እንደሆነ ሲጠይቀኝ እንደምንም አስረዳሁት። ባለመሬቱም እስከዚያ ወርዶ አጥሩን ተደግፎ ይሰማ ነበር። ይሄ ልጅ ምን አድርጎህ ነው አለኝ።

የመለሰለት የሚስቴ ወንድም ነው። ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፣ በቅሎህ የሞተችው በእኔ ነው፣ ሶሪ አለው።

ሰውዬው ብዙ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"የእኔ ነው ብለኸኝ ነበር" አለኝ። "ሰባት ወር ዓይኔን እያየህ ዋሸኸኝ።"

ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ሚስቴ ልነግረው ጀመርኩ። እጁን አንስቶ አስቆመኝ። ፖሊሱን አመስግኖ ሸኘው። የቀሩትን ሁለት ምሰሶዎች ማን እንደሚተክላቸው በጣቱ አሳየ፤ የሚስቴን ወንድም ነው ያሳየው። ለእኔ፣ ስለ አጥሩ አመሰግናለሁ፣ ከእንግዲህ መምጣት የለብህም አለኝ። ክፉ ቃል አልጨመረም። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ የሚስቴ ወንድም ቤቴ መጣ። ምሰሶዎቹን ተክሎ ጨርሷል፤ ሰውዬውም ማሽን ይዞ እንዲገባ ፈቅዶለታል። የራሱ ማሽን የለውም። በሩ ላይ ቆሞ፣ እንደዚያን ቀን አንገቱን ደፍቶ፣ የእኔን እንዳውሰው ለመነኝ። ሚስቴ ከኩሽና ሆና ታዳምጣለች። አልሰጥህም ለማለት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን በሦስት ሽማግሌና በአንድ ፖሊስ ፊት ታርቄያለሁ። ጋራዥ ገብቼ ማሽኑን አወጣሁ፣ ባትሪውን አየሁ፣ ሰጠሁት። መኪናው ውስጥ ሲያስገባው ከፊት ወንበሩ ላይ የቆሎውን ከረጢት አየሁ።

"ጉድጓድህን ድፈን" አልኩት።