በምራቂ የመጣችው ሰማያዊ ዓሣ

ባሕር ወደሌለበት አገር ባሕር ተሸክሞ የገባ ሰው ከባሌ በቀር አላውቅም። የአልጋችንን ወርድ የምታህል የመስታወት ገንዳ ራሱ ሠርቶ፣ አሶሳ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ገተራት። ውኃው የቀይ ባሕር ውኃ ነው። ከአሰብ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ጓደኛው በጀሪካን እየቀዳ አዲስ አበባ ያደርስለታል፤ ከዚያ በነቀምት በኩል በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ይመጣል። አንዱ ፈታሽ አረቄ መስሎት የተጎነጨ ቀን ምን እንዳለን አልነግራችሁም።

ክልሉ ያን ጊዜ ገና አዲስ ነበር። ቢሮ ይከፈታል፣ ወንበሩ ገና መንገድ ላይ ነው። ባሌ አሰብ ወደብ ላይ ክሬን የሚጠግን መካኒክ ነበር። አሰብ ሌላ አገር ስትሆን አንድ ሻንጣ ይዞ ወጣ፤ ናዝሬት ተገናኝተን ተጋባን፤ አዲሱ ክልል መካኒክ ይፈልጋል ሲባል አመለከተ። የተቀጠረው እሱ ነው። «ባለቤቴም ታይፒስት ናት» ሲላቸው «እሷም ትምጣ» አሉ። ገበያ ላይ ቲማቲም የገዛ ሰው «መርቂልኝ እንጂ» ሲል አንዲት ፍሬ ጣል ይደረግለት የለ? እኔም ለአዲሱ ክልል በምራቂ ነው የተሰጠሁት።

ስንሄድ «አንድ ዓመት ብቻ» ብሎኝ ነበር። ዓመቱ ሞላ። ናዝሬት የሚቀበለኝ መሥሪያ ቤት አገኘሁ፤ አለቃዬም ሊለቀኝ ተስማማ፣ ግን ቦታው ብዙ እንደማይጠብቀኝ ነገረኝ። ባሌን እንሂድ አልኩት። «ዓሣዎቹ ይርጉ፤ ሲረጉ አብረን እንወጣለን» አለኝ። ያን ጊዜ ገንዳው ውስጥ አንድም ዓሣ አልነበረም።

ሹፌሩ ከአሰብ የሚያመጣለትን ዓሣ የመረጠው አንድ እሑድ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ የጎረቤት ማንጎ በየመሃሉ ዱብ እያለ፣ እኔን አጠገቡ አስቀምጦ አስተማረኝ። «ባሕር ውስጥ የተሸነፈ ዓሣ ይሸሻል፤ አሸናፊውም ብዙ አይከተለውም። እዚህ ግን መሸሻ የለም። የሚጣሉትን ከመነሻው ማስቀረት ነው» አለ። ከአንድ ዓይነት ሁለት አይገባም፤ ቦታ ይሻማሉ። አፈ ሰፊ የሆነ፣ ጫጩት ሆኖ ቢመጣም አይገባም፤ ያድግና ጎረቤቱን ይውጣል። ቢራቢሮ የሚመስለው ባለ ቢጫው ያምራል፤ ግን የለመደውን ምግብ ካላገኘ ሌላ አይነካም፣ ተርቦ ይሞታል። ዓይን አፋሩ ቀድሞ ይግባ፣ ቤቱን ይልመድ፤ ደፋሩ ኋላ ይከተል። ሰማያዊዋ ትንሽ ዓሣ ግን በምንም ዓይነት አትመጣም። «አውራ ጣት አታህልም፣ ሰፈር ታምሳለች» አለ።

ከዚያ ሁሉ ሁለት ብቻ መረጠ። አንዱ ብርቱካንማ ሆኖ ነጭ መቀነት የታጠቀ የሚመስል ነው። ሌላው አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ምሶ በሩ ላይ የሚቀመጥ፣ ጥላ ሲያይ የሚገባ ፈሪ ነው። እኔ ግን ተናደድኩ። ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ፣ ለማን ምን ያህል ቦታ እንደሚበቃው፣ ማን ምን እንደለመደ፣ ለእነዚህ ደቃቃ ፍጥረቶች ይህን ሁሉ አሰበ። «እኔን ስታመጣኝ ይህን ሁሉ አስበህ ነበር?» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

አሶሳ አልበደለችኝም፤ አፈሯም ሰዉም ለጋስ ነው። ግን ደግ ሰው መሃልም ሰው ይታሰራል። ክረምቱ ረጅም ነው፤ መንገዱ ሲበላሽ አውቶቡስ ይቀራል። ቀን ቢሮ ውስጥ የአዲሱን ክልል ስም በየወረቀቱ ራስ ላይ ስመታ እውላለሁ። ማታ ስገባ የወንበሬን ቦታ ገንዳው ወስዶታልና አልጋው ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ። መብራቱ የጄኔሬተር ስለሆነ አምሽቶ ይጠፋል፤ ስለዚህ ባሌ ለዓሣዎቹ አየር የሚሰጠው ከጋራዥ ባመጣው ከመነዳሪ፣ በመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ነበር። ቀን ይነፋዋል፤ ሌሊቱን በቀጭን ቱቦ ቀስ እያለ ውኃው ውስጥ ይተነፍሳል። እዚያ ቤት እንደልቡ የሚተነፍሰው ከመነዳሪው ብቻ ነበር።

አከራያችን ከአካባቢው የበርታ ብሔረሰብ የሆኑ አሮጊት ናቸው። አማርኛን በኋላ ነው የለመዱት፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይላሉ። ገንዳውን ሊያዩ መጡ።

«ይሄ ዓሣ ሲመጣ ይበላል?»

«አይበላም፣ እማማ» አለ ባሌ።

«ይሸጣል?»

«አይሸጥም።»

«ወላሂ፣ እሱ እስረኛ ነው። ምን ሠራ?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ? አንተ ሁልጊዜ እዚህ ይቀመጣል፣ ፊት ጥቁር። አንተ ምን ሠራ?»

ሻይ ቀዳሁላቸው።

ዓሣዎቹ በፕላስቲክ ከረጢት፣ በበረዶ መያዣ ሣጥን ውስጥ ሆነው መጡ። ባሌ ሣጥኑን ከፈተ። የመጀመሪያው ከረጢት ውስጥ ባለ መቀነቱ አለ። ሁለተኛው ውስጥ ፈሪው አለ። ሦስተኛ ከረጢት ነበረ። ሹፌሩ የሣጥኑ ክዳን ላይ በእስክሪብቶ «ዓሣ አጥማጁ መረቀልህ» ብሎ ጽፎበታል። ውስጡ ሰማያዊዋ ነበረች።

ምራቂ አይመለስም። ማን አገር ምራቂ ይመልሳል? ደግሞስ ወዴት? ዳቡስ ወንዝ ብንጨምራት ጨው የሌለው ውኃ ይገድላታል። ከዚያች ገንዳ ሌላ ባሕር በአካባቢያችን የለም። ባሌ ብዙ አሰበና ከሁሉም በኋላ ለቀቃት።

ቤት ለእንግዳ የሚለውን ቃል እሷ የምሯን ወሰደችው። ሳምንት ሳይሞላ ገንዳው የእሷ ሆነ። ባለ መቀነቱን ከመስታወቱ ጥግ ላይ ለጠፈችው፤ ክንፉን ነጨችው። ፈሪውን ከጉድጓዱ አስወጥታ እሷ ገባችበት፤ ሌላ ሲምስ ያንንም ቀማችው። ባሌ ድንጋይ ይለዋውጣል፣ ዋሻ ይሠራል፣ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ገንዳው ፊት ይቆማል። እኔ «ረጉ?» እላለሁ። እሱ «ገና ናቸው» ይላል። የእኔ መውጫ እነዚህ ዓሣዎች እጅ ላይ ነበረ። ጠዋት ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ መጀመሪያ የማየው እነሱን ሆነ። ሰማያዊዋን ጠላኋት። ጠላኋት ስል፣ በሙሉ ልቤ ነው።

አንድ ጠዋት ፈሪው ገንዳው ውስጥ የለም። ክዳኑ ጥግ ላይ የአየር ቱቦው የሚገባባት ትንሽ ክፍተት ነበረች፤ በዚያች ዘሎ ወጥቷል። ሲሚንቶው ላይ፣ አልጋው ሥር፣ ደርቆ አገኘነው። ካልጠገቡ አይዘሉ ይባላል፤ ይሄኛው ሳይጠግብ ነው የዘለለው። ባሌ መዳፉ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ከአሰብ ስለመውጣቱ ሲያወራኝ እንኳ አላለቀሰም ነበር።

«ለምን ይዘላል? ውጭ ውኃ የለም እኮ» አለኝ።

«ውጭ ምን እንዳለ የት ያውቃል? የሚያውቀው ያለበትን ነው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ።

ከዚያ በኋላ ጸጥታ ሆነ። ሰማያዊዋ ከድንጋዩ ወዲህ፣ ባለ መቀነቱ ከድንጋዩ ወዲያ፤ ማንም ማንን አይነካም። ቀናት አለፉ፣ ክንፉም አገገመ። «እንግዲህ ረጉ» አልኩት። እሱ ገንዳውን እየወለወለ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «አዎ፤ አሁን ለአንድ ቦታ አለ። ሌላ ፈሪ እንዲልክልኝ ለሹፌሩ መልእክት ሰድጃለሁ» አለኝ።

ያኔ ገባኝ። ይህ ሰው እስኪረጉ አልነበረም የሚጠብቀው፤ እንዳይረጉ ነበር።

«ናዝሬት እኮ ለባሕሩ ይቀርባል!» ብዬ ጮህኩ። «የአሰብ መኪና በበራችን ነው የሚያልፈው። ውኃው ትኩስ ይመጣልሃል፣ ዓሣው መንገድ ላይ አይጎዳም። ለዓሣ ብለህ ከሆነ ዛሬውኑ እንነሳ!»

ጨርቁን አስቀመጠ። «እሱን ነው የፈራሁት» አለ። «በየቀኑ መኪናው ወደ አሰብ ሲወርድ እያየሁ ልኖር ነው? እዚህ አላየውም። እዚህ ያለኝ ባሕር ይቺ ብቻ ናት፤ አላሳድዳት፣ አታባርረኝ።»

አሳዘነኝ፤ እውነት ለመናገር አንጀቴን በላው። ግን አንጀቴን ስለበላው ብቻ ልቀመጥ አልቻልኩም። መንገዱ እንደደረቀ በአውቶቡስ ወጣሁ። ሻንጣዬን እሱ ነው የጫነልኝ። «ስትደርሺ ላኪልኝ» አለኝ፤ ምን እንደምልክ ግን አልነገረኝም።

ናዝሬት አውራ ጎዳናው ዳር ቤት ተከራየሁ። ከዚያ ወዲህ ሹፌሩ የባሌን ጀሪካን ይዞ ሲያልፍ በሬ ላይ እየቆመ ውኃ ይጠጣል። አንድ ቀን ከጀሪካኑ ጋር ሁለት ከረጢት አሳየኝ። በአንዱ አዲሱ ፈሪ አለ። በሌላው ደግሞ ሰማያዊ ዓሣ አለች።

«ይቺ አትሄድም» አልኩት።

«ምራቂ ናት፣ እቴ! ምራቂ ይመለሳል እንዴ?»

«እኔ አልተመለስኩም?»

ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ግን ከረጢቱን ከፍ አድርጌ ሳያት አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ እንደገና እስከ ባሕር የሚያደርስ ትንፋሽ የላትም። ገና ካልፈታሁት የዕቃ ካርቶን ትልቅ የመስታወት ማሰሮ አወጣሁ፤ ከባሌ ጀሪካን ቀንሼ ሞላሁት፤ ብቻዋን ለቀቅኳት። ከማንም ጋር አትጣላም፤ ማንም የለምና። ሙሉ ቀን ከጥግ ጥግ ትዞራለች፣ የምታባርረው ፍለጋ። እኔም ማታ ከሥራ ስመለስ የማኮርፈው ሰው አልነበረኝም።