የፍየል ግልገል ለቅሶና የልጄ ጓደኞች

እንግዲህ ጻፊ፣ የልጅ ልጄ። ልጄ፣ አጎትሽ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ሲያለቅስ ሰማሁት። ለቅሶው ደግሞ የሰው አይደለም። ቀጭን ነው፣ ይጮኻል፣ ይንሰቀሰቃል፣ አንዳንዴ እንደ ታነቀ ነገር ያደርገዋል። እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ እናንተ ጋ ነው እንጂ፣ ዓርብ ዓርብ እናትሽ አሌክሳንድሪያ አጎትሽ ጋ ታደርሰኝ የለ፤ ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ ብቻውን እንዳይሆን ብለን። እና የዚያን ቀን ገና ነጠላዬን ሳላወልቅ ነው ለቅሶውን የሰማሁት። ጠበሌን ከቦርሳ አውጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ክፈት ልጄ፣ እኔ ነኝ" አልኩት።

ከፈተ። ፊቱ ደረቅ ነው፤ እንባ የሚባል የለበትም። አፉ ላይ ፊሽካ ይዟል።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ጥንቸል ነው፣ እማዬ።"

"የታለ ጥንቸሉ?"

"እኔ ነኝ ጥንቸሉ" አለኝ።

ጠበሉን እንዲያው ረጨሁት።

አስቀምጦ አስረዳኝ። እዚህ አገር ካዮቲ የሚሉት አውሬ አለ። ከኛ ቀበሮ ይተልቃል፣ ከጅብ ያንሳል፣ ሲያዩት ውሻ ነው። ሰዎች ጫካ ገብተው ይደበቁና፣ የተጎዳ ጥንቸል መስለው በፊሽካ ያለቅሳሉ። አውሬው የሚበላ አገኘሁ ብሎ ይመጣል። ሲመጣ ይተኩሱበታል።

"ይበላል ሥጋው?"

"አይበላም።"

"ታዲያ ለምን?"

"ደስ ይላል፣ እማዬ።"

ሁለት ዓመት ሙሉ ደስ ይላል የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ከሥራው ይመጣል፣ ክሪስታል ሲቲ ፓርኪንግ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። ብጠይቀው "ደህና ነኝ"፣ ባልጠይቀው ዝም። ስለዚህ ነገሩ ባይገባኝም፣ እሰይ አልኩ። ማልቀሱን ትቶ የጥንቸል ለቅሶ ቢያለቅስ ምን ይጎዳል አልኩ።

በማግስቱ ቅዳሜ ጓደኞቹ መጡ። ሁለት ናቸው። አንዱ የኛው ሰው ነው፣ ባለታክሲ፣ ወፍራም፣ ከገባ ጀምሮ አፉ የማይዘጋ። ሌላው ፈረንጅ ነው፣ ጡረታ የወጣ ፖስታ አዳይ፣ ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ። አንዲት ያረጀች ውሻ አለችው፣ እግር እግሩን ትከተለዋለች። ጋራዥ ውስጥ ወንበር ዘረጉ፣ ስልካቸውን እንጨት ላይ አቆሙ። ቪዲዮ ሊሠሩ ነው። እያንዳንዳቸው ይቆሙና እኔ ማን ነኝ፣ አውሬ መጥራት እንዴት ወደድኩ ብለው ራሳቸውን ያስተዋውቃሉ፣ ከዚያ ዓለም ያየዋል።

ይሄም አልገባኝ። እኔ ባደግሁበት አገር አዳኝ የሚያወራው ገድሎ ሲመጣ ነው። ይፎክራል፣ ሴቱ እልል ይላል። እነዚህ ባዶ እጃቸውን ቆመው ሥራ እንደሚጠይቅ ሰው ስማቸውን ይናገራሉ።

"እማማ፣ እርስዎ እዚህ ይቀመጡልን" አለኝ ባለታክሲው። "መጀመሪያ በአማርኛ ልለማመድ። ካልሳቁ አልችልበትም ማለት ነው።"

ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ተነሣ።

"ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ሰው ይጠራኛል፣ እሄዳለሁ። ዝናብ ቢሆን፣ በረዶ ቢሆን፣ ወንበሬ ላይ የሚያስመልስ ሰካራም ቢሆን፣ ይጠራኛል፣ እሄዳለሁ። ጫካ ስገባ ግን ጠሪው እኔ ነኝ። ቁጭ ብዬ እነፋለሁ፣ እሱ እየሮጠ ይመጣል። ያውም የት ደረስክ፣ የት ደረስክ እያልኩ ሳልጨቀጭቀው!"

"ስንት ገደልክ?" አልኩት።

"ኧረ እማማ! በቪዲዮ ሊያዋርዱኝ ነው? ሁለት መትቻለሁ። አንዱ ካዮቲ ነው።"

"ሁለተኛውስ?"

"ሁለተኛው ዛፍ ነው።"

ሳቅሁ። ልጄም ሳቀ። ልጄ ሲስቅ ሳየው ደነገጥኩ እንጂ ደስ እንኳ አላለኝም፤ ረስቼው ነበር መሰለኝ ጥርሱን።

ፖስታ አዳዩ ቀጠለ። ባለታክሲው ወደ አማርኛ እየመለሰልኝ ነው። ሰውዬው ሚስቱ ሞተችበት። ከቀብሯ በኋላ ብቻውን ጫካ ገብቶ ተቀመጠ፣ ወንድሙ የሰጠው ፊሽካ ኪሱ ውስጥ ነበር፣ ነፋው። ቀይ ቀበሮ መጣ። አሥር እርምጃ ያህል ርቆ ቁጭ አለና አየው። መሣሪያ አልያዘም። ተያዩ፣ ተያዩ፣ ቀበሮው ሄደ። በዚያ ሰሞን ስጮህ የመጣልኝ እሱ ብቻ ነው፣ አለ።

"ታዲያ አሁን ለምን ትገድላቸዋለህ?" ብሎ ይጠይቅልኝ አልኩ።

ጠየቀው። ሰውዬው ጺሙን እየጎተተ፣ የገበሬ በግ ስለሚፈጁ ነው አለ። ከዚያ ደግሞ፣ "እውነቱን ንገራት፣ አላውቅም በላት" አለ። እኔ ግራ የገባኝ ብቻዬን መስሎኝ ነበር።

የልጄ ተራ ሆነ። ቆመ። ስሙን ተናገረ፣ የት እንደሚሠራ ተናገረ። ስልኩ እያየው ነው። "የኔ ይቆይ" ብሎ ተቀመጠ። ለካ ሕግ አላቸው፤ ራሱ ጠርቶ አንድ አውሬ እንኳ ያላመጣ ሰው ቪዲዮው ውስጥ አይገባም። ባይገድልም ግድ የለም፣ ግን መጥራት አለበት። ልጄ ሰባት ቅዳሜ ነፍቷል፣ አንድም አልመጣለት።

"ይሄ ሰውዬ ሲነፋ፣ እማማ፣ ካዮቲው ሳይሆን እውነተኞቹ ጥንቸሎች ናቸው ተነሥተው የሚሸሹት!" አለ ባለታክሲው።

ልጄ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ ሚስቱ ሻንጣዋን ስታወጣም ያቺን ነው የፈገገ። ከነዚህም አፍሮ ከቀረ ያ ሶፋ ነው የሚቀረው።

እስቲ ንፋ አልኩት። ነፋ። ሳያቋርጥ፣ እንደ መኪና ጥሩምባ።

"እንዲህ አይደለም" አልኩት።

ይሄን እናትሽም አታውቀውም፣ ስለዚህ በደንብ ጻፊው። አጎትሽ የሁለት ወር ልጅ ሆኖ እኔ ታመምኩና ጡቴ ደረቀ። አንዲት ፍየል ነበረችን፣ ግልገሏ ሞተባት። ግልገሏ የሞተባት ፍየል ወተቷን ትይዛለች፣ ብታልቢያትም አትሰጥም። አማቴ የግልገሉን ቆዳ አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና "በይ አልቅሺ" አለችኝ። በግልገሉ ድምፅ ማለቷ ነው። መጀመሪያ አፈርኩ። በኋላ የልጄ ረሃብ ሲብስ አለቀስኩ። ፍየሏ እየሮጠች መጣች፣ ቆዳውን አሸተተች፣ ላሰችኝ፣ ወተቷን ለቀቀች። ክረምቱን ሙሉ ጠዋትና ማታ እንዲህ አታለልኳት። አጎትሽ በዚያ ወተት ነው የዳነ።

ዘዴው ትንሽ ናት። ግልገል ዝም ብሎ አይጮኽም። ይጮኽና ያቆማል። እናቴ መለሰችልኝ ወይ ብሎ ያዳምጣል። ከዚያ ደግሞ ይጮኻል፣ ሁለተኛው ከፊተኛው አጠር ይላል። ያቺ ማዳመጧ ናት እናቲቱን የምታመጣት።

ጋራዡ ውስጥ አለቀስኩላቸው። ድምፄ አርጅቷል፣ ግን ወጣልኝ። ጠረጴዛው ሥር የተኛችው የፖስታ አዳዩ ውሻ ተነሣች፣ መጥታ ጉልበቴን፣ እጄን፣ ቀሚሴን አሸተተች፣ ዞረች፣ ደግሞ አሸተተች። የምትፈልገውን አጣች።

"እማማ፣" አለ ባለታክሲው፣ "የሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራ አለዎት?"

ለልጄ ብዬ ሄድኩ። እናቱ ጠርታ ብታመጣለት ያው የሱ ነው ይሉታል ብዬ። ፋሲካ አልፎ ሜዳው ለምልሟል። ከአሌክሳንድሪያ ከአንድ ሰዓት በላይ ነድተው አንዲት በግ የምታረባ ሴትዮ ዘንድ አደረሱን። ሴትዮዋ መጀመሪያ ያሳየችን የተበላ ግልገል ነው፤ ጭንቅላቱና አንድ እግሩ ቀርቷል። እኔም በግ አርብቻለሁ፣ አውቀዋለሁ። ይገደል አልኩ በልቤ።

ከዚያ ጣጣዬ ጀመረ። ነጠላሽ ነጭ ነው፣ ከሩቅ ይታያል አሉኝ። የልጄን ቅጠል ቅጠል የሚመስል ጃኬት ከላይ ደረቡልኝ። ፖስታ አዳዩ ደግሞ አየሩን እያሸተተ አንድ ነገር አለ።

"እማማ፣ ቅቤ ተቀብተዋል?" አለኝ ባለታክሲው።

"አዎ፣ ራሴን ሲያመኝ ጊዜ..."

"አለቀልን! ከዚህ እስከ ሮክቪል ያለ ካዮቲ ሁሉ ሽታዎትን አውቆታል።"

ነፋሱ ወደኔ በሚመጣበት በኩል፣ ከድርቆሽ ክምር ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ልጄ አጠገቤ ተንበረከከ፣ ጠመንጃውን አስተካከለ። ሁለቱ ኋላችን ተኙ። እኔ አሮጊት፣ ቅጠል ለብሼ፣ የሰው አገር ሜዳ ላይ እንደ ፍየል ላለቅስ። ይሄን ያየ የአገሬ ሰው ምን ይላል?

አለቀስኩ። አዳመጥኩ። አጠር አድርጌ ደግሜ አለቀስኩ።

ካዮቲዋ ከዛፎቹ መሃል ወጣች። እኔ እንደ ሌባ እየተሽሎከለከች የምትመጣ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ጆሮዋን አቁማ እየሮጠች መጣች። ሜዳው መሃል ስትደርስ ቆመች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ ቀጭን ድምፅ አሰማች። እንደ መመለስ ነገር። ዘወር ስትል ሆዷን አየሁት። ጡቷ ወርዷል፣ አጋቷል። አራስ ናት።

ልትበላ ነው የመጣችው፣ ወይስ የሚያለቅስ ልጅ ሰምታ? ያቺን ግልገል የበላችው እሷ ከሆነች ለልጆቿ ነው። እኔም ፍየሏን ያታለልኩት ለልጄ ነው። ያ ልጄ ደግሞ ይኸው ጉንጩን ጠመንጃው ላይ አስደግፏል፣ ፊቱ በርቷል። ሁለት ዓመት የጸለይኩት ይሄን ፊት ለማየት ነው። ቢመታት ሰው ይሆናል፣ ጓደኛ ይኖረዋል።

ዓይኔ እንባ ሞላ። ከጃኬቱ ሥር የነጠላዬን ጫፍ ሳብ አድርጌ አወጣሁ። ዓይኔን ልጠርግ ነው። እንደዚያ ነው እስከ ዛሬ የምለው። ነጩን ስታይ ዘላ ተፈተለከች፣ ዛፎቹ ውስጥ ገባች። ልጄ አልተኮሰም።

"እማማ!" ብሎ ጮኸ ባለታክሲው። "ሠርገኛ መሰለች እኮ! ነጠላ ውልብልብ የተደረገላት ካዮቲ በዓለም የመጀመሪያዋ ናት!"

ፖስታ አዳዩ ለምን ብሎ አስጠየቀኝ። "ጡቷ" አልኩ፣ ሌላ አልመጣልኝም። ልጄ መሬት መሬት ያያል። ገደልኩት አልኩ፣ የኔን ልጅ።

ፖስታ አዳዩ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። ስልኩን ድርቆሹ ላይ አቆመና ወደኔ ጠቆመ። ጠርቶ ያመጣ ሰው ራሱን ያስተዋውቅ፣ ሕጉ ሕግ ነው፣ እሷ ናት የጠራችው አለ። እኔ ምን እላለሁ? እንግሊዝኛ አላውቅ።

ያኔ ልጄ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። በእንግሊዝኛ መናገር ጀመረ። እኔ ሁለት ሦስት ቃል ይናገርና ያቆማል ስል ቀጠለ። እጁ ትከሻዬ ላይ ነው። አንዴ ወደ ሜዳው አሳየ፣ አንዴ ወደኔ፣ አንዴ የራሱን ደረት ነካ። ባለታክሲው ባርኔጣውን አወለቀ። ያ ሰው ዝም ሲል ያየሁት የዚያን ጊዜ ብቻ ነው።

መኪና ውስጥ፣ "ምን አልካቸው?" አልኩት።

"ምንም፣ እማዬ። ማን እንደሆንሽ ነው የነገርኳቸው።"

"ማን ነኝ?"

ሳቀና መንገዱን አየ። እስከ ዛሬ አልነገረኝም። አንቺ ፈልገሽ ቪዲዮውን ብትሰሚው ትነግሪኝ ነበር፤ ግን ተይው፣ ልወቀው አልወቀው አልቆረጥኩም።

በሳምንቱ በግ የምታረባዋ ሴትዮ ደውላ፣ ሌላ ግልገል ተበላብኝ አለች አሉ። ያቺ ግልገል በኔ ነው የተበላችው? እግዜር ይወቅ። ንስሐ ስገባ ለአባ ልነግር እሻና፣ ከየቱ እንደምጀምር ይጠፋኛል፤ ከፍየሏ ነው፣ ከካዮቲዋ ነው፣ ከግልገሏ ነው?

አጎትሽ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዳል። ባለታክሲው ጠዋት መጥቶ ጥሩምባ ይነፋል፣ "ና ውጣ፣ የፍየሏ ልጅ!" ይለዋል፣ እየሳቁ ይሄዳሉ። እስካሁን አንድም አልመጣለትም። ዓርብ ዓርብ ስመጣ ፊሽካውን ያወጣና፣ "እማዬ፣ እስቲ ስሚኝ፣ አሁንስ ተሻለ?" ይለኛል።

ይነፋል። ሳያቋርጥ፣ እንደዚያው እንደ መኪና ጥሩምባ። መሃል ላይ ዝም ብለህ አዳምጥ ማለት ነው የሚቀረኝ፣ ሌላ ጉድለት የለውም።

"ጎበዝ ልጄ" እለዋለሁ። "እንዲህ ነው፣ በዚሁ ቀጥል።"