ፌንጣዋ ጉንዳኗን የከሰሰች ዕለት

ባለፈው ሳምንት ልጅሽ አረንጓዴ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ያ ሲነኩት የሚንሿሿው፣ ለሠርግ መኪና የሚያስሩት ዓይነት። «እትዬ፣ ክንፍ ቁረጪልኝ፤ ትምህርት ቤት ፌንጣ ነኝ» አለችኝ። መቀሱን አነሣሁና ወረቀቱ ገና ሲንሿሿ እጄ ቀጥ አለ። ያመመኝ መስሏት «ተይው፣ እማዬ ትቆርጥልኛለች» አለች። አልተውኩትም፤ ቆረጥኩላት። መጨረሻ ላይ በዜማ የምትለውን «ሰነፍ ይራባል» ግን እኔ ቤት እንዳትለማመደው ነገርኳት። እናቷ ነሽና ለምን እንደሆነ ብትጠይቂኝ አይገርመኝም። ቁጭ በይ፣ ልንገርሽ።

መካነ ሰላም ከተማ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ዓመት ያህል ቀርቷቸዋል፤ ያኔ ይህን ማን ያውቃል! አባቴ ከገበያው ጥግ ጨውና አቡጀዴ ይሸጥ ነበር። ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ልጅ ደግሞ ከዓባይ አፋፍ፣ ከቆላው በኩል የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። እንደሷ ያሉት ስንቃቸውን ከአገር ቤት እያስመጡ፣ ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይተው ይማሩ ነበር። እሷ ሁልጊዜ አንደኛ፣ እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛ። ካርድ ተሰጥቶ ፊቴ ሲጠቁር ክርኔን ትነካና «አብሽሪ፣ ሁለትም እኮ ቁጥር ነው» ትለኝ ነበር። ስንት ቀን ልመታት እጄን አንሥቼ ሥቄ ትቻለሁ።

ስንቋን የሚያመጣላት አባቷ ነበር። በገበያ ቀን አህያዋን ጭኖ ይመጣና ከሱቃችን ደጅ ያሳርፋታል። ጭነቱ ሲወርድ የበሶው፣ የዳቦ ቆሎውና የአህያዋ ላብ ሽታ አንድ ላይ ደጃችንን ይሞላዋል። ዛሬም ያ ሽታ የሆነ ቦታ ከሸተተኝ ጥጋብ ጥጋብ ይለኛል። ሰውየው ቀጭን፣ ረጅም፣ ጨዋታ አዋቂ ነው። አህያዋ እስክታርፍ ተረት ይነግረናል፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ። እናቴ «ኧረ ተረት በቀን አይወራም!» ስትለው «የኔ እመቤት፣ ማታማ እዚህ የለሁም» ይላታል።

አንዱ ተረቱ አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ «አገሩን መቅሠፍት የመታው በማናችን ኃጢአት ነው?» ብለው የተናዘዙበት ነው። አንበሳው ሰው በላሁ አለ፣ ማሩት። ነብሩ ፍየል ከነግልገሏ ጨረስኩ አለ፣ ማሩት። ጅቡም እንዲሁ። አህያዋ ግን ከመንገድ ዳር አንድ ጉንጭ ሣር ነጨሁ ስትል «አንቺ ነሽ አገር ያጠፋሽው!» ብለው በሏት። ይህን ሲነግረን ሁላችንም የሱን አህያ እናያለን፤ እሷ ግን ምንም አልመሰላትም። እሱ ታዲያ ምክር ብሎ አይጨምርም። ዱላውን መሬት ላይ ይተክልና «እኅ! ለአህያዋ ማን ይቆማል? ለአንበሳውስ?» ይላል።

ለሁለት እንከፈልና ሙግት እንገጥማለን፤ ልክ እንደ ትልቅ ሰው። «ተጠየቂ!» ትላለች አንዷ፤ «ልጠየቅ!» ትላለች ሌላዋ። እኛ አገር የተጣላ ሰው መንገደኛ አስቁሞ ዳኛ ያደርጋል፤ የተጠራም እምቢ አይልም፣ ዕቃውን አውርዶ ይቀመጣል። የልጅቷ አባትም ጨው ሊገዛ የመጣውን ሁሉ «ወንድሜ፣ ለነዚህ ልጆች ፍርድ ስጥ» እያለ ያስቀምጥ ነበር። ገበሬው ጋቢውን አስተካክሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ለአህያዋ ይፈርዳል። አንድ ቀን «ታዲያ ይሄ ምን ያስተምረናል?» ብዬ ጠየቅሁት። «እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ! አላህ አእምሮ የሰጠሽ ለምን ሆነና?» አለኝ።

ትምህርት ቤት እንደዚህ አልነበረም። መጽሐፉ ላይ ከእያንዳንዱ ተረት ሥር ምክሩ ተጽፏል፤ እሱን መሸምደድ ነው።

ከዚያ ያ ድርቅ መጣ። በመጀመሪያ አህያዋ በግማሽ ጭነት መጣች። ቀጥሎ አባቷ ያለ አህያ፣ ትንሽ ቋጠሮ በብብቱ ይዞ መጣ። አህያዋ የት እንደሄደች አልጠየቅነውም። ከዚያ መምጣቱን ተወ። ከቆላው የወጣው ሰው በከተማው ዳር፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥርና በመስጊዱ ጥላ ሥር ተኛ። ሌሊት የጮኸው ሕፃን ጠዋት ዝም ይላል። «ራብ» የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ መናገር ግን ያስጠይቅ ነበር። ከበላይ የመጣ አንድ ትልቅ ሹም ገበያ መሀል ቆሞ «ይህ እህሉን በድግስ ጨርሶ የመጣ ሰነፍ ነው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከጀርባው ያለው መጋዘን ደግሞ በእህል ታጭቋል፤ የስንዴው ሽታ እስከ መንገድ ይወጣል። ዘበኛ ቆሞበታል።

በሰኔ የወላጆች ቀን ደረሰ። ሹሙ የክብር እንግዳ ነው። ከስምንተኛ ክፍል አንደኛ የወጣችውን ሴት ልጅ ደሴ ካለ አዳሪ ትምህርት ቤት ሊያስገባት ቃል ገብቷል። አልጋ አለው፣ ብርድ ልብስ አለው፣ በቀን ሦስት ጊዜ ያበላል። ማን እንደምትሄድ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ እሷ ናት። የቀራት ያን ቀን ቆማ በሹሙ እጅ መሸለም ብቻ ነው።

ዲሬክተሩ ለበዓሉ የመረጠው ጨዋታ ምን ይመስልሻል? ጉንዳንና ፌንጣ፤ ስትዘፍን ከርማ የተራበችው ፌንጣ ጉንዳኗን እህል የምትለምንበት። እኔን ጉንዳን አደረገኝ፤ የነጋዴ ልጅ ነኝ፣ ደልደል ያልኩ። እሷን ከላይ እስከ ታች አያትና «ቁመናሽ ለፌንጣ ልክ ነው» አለ። ያንን ቃል እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ ሞቷል ሲሉኝም ይቅር አላልኩትም።

ክንፏን የሠራነው ከአረንጓዴ ወረቀት ነው። ማጣበቂያው ከዱቄት የተፈላ ሙጫ ነበር። ወረቀቱን እየለጠፍኩ ቀና ስል ሙጫውን ከጣሳው በጣቷ እየጠረገች ትበላለች። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። «ምን ታያለሽ?» አለችኝ፤ «ፌንጣ ያገኘችውን ነው የምትበላ።» የኔን ዳቦ ለሁለት ከፈልኩት። እሷ ግን ድርሻዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። እናትና አባቷ ለካ ከመስጊዱ ጥላ ሥር ካሉት ጋር ናቸው። ከመጡ ሳምንት ሆኗቸዋል፤ ነጋዴው ቤት እንዳይታዩ አፍረው ኖሯል።

በበዓሉ ቀን ሜዳው ሞላ። ከፊት ሹማምንቱ በወንበር፣ ከኋላ ወላጆች በሣሩ ላይ፣ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ እነዚያ ከቆላ የመጡት ቆመው ያያሉ። እሷ ክንፏን ዘርግታ ስትወጣ ሳቅ ሆነ። እግሯ ቀጭን፣ ክንዷ ቀጭን፣ በእውነትም ፌንጣ። ሹሙ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ፣ በመሐረብ አፉን ሸፍኖ ሣቀ።

የኔ ተራ ነበር። «በጋውን ምን ስትሠሪ ከረምሽ?» አልኩ።

እሷ «ስዘፍን» ማለት ነበረባት። እኔ «እንግዲያው አሁን ጨፍሪ!» እላለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ወደ ሕዝቡ ዞረን «ሰነፍ ይራባል!» ብለን እጅ እንነሣለን። እሷ ግን ወደ አጥሩ አየች። ከዚያ ፊቷን ወደኔ መልሳ፣ በሱቃችን ደጅ ድምፅ፣

«ተጠየቂ!» አለችኝ።

«ልጠየቅ!» አለ አፌ። ለማሰብ እንኳ ጊዜ አላገኘሁም።

«ጉንዳን ታርሳለች?»

«አታርስም።»

«ትዘራለች?»

«አትዘራም።»

«ጉድጓድሽ ውስጥ ያለው እህል ታዲያ ከማን ማሳ የመጣ ነው?»

«የለቀምኩት ነው» አልኩ።

«ከማን ማሳ?»

ሳቁ ቆሟል። የወረቀት ክንፏ ብቻ በነፋስ ይንሿሿል። «አባቴ አርሷል፤ እናቴ አርማለች፤ እኔ ወፍ ጠብቄያለሁ» አለች። «ባለ መሬቱ ጌታ ድርሻውን ከአውድማ ሰፍሮ ወሰደ፤ በዓመቱ ዝናብ ቀረ። ዝናቡ የቀረው በኔ ዘፈን ነው? አባቴ በምኑ ነው ሰነፍ የተባለ?» ከዚያ በሹማምንቱ ራስ ላይ አሻግራ ወደ ሣሩ፣ ወደ አጥሩ ጮኸች። «እናንተ መንገደኞች! ፍርድ ስጡን!»

የተጠራ እምቢ አይልም ብዬሽ የለም? ከአጥሩ ውጭ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ከፍ አድርገው «ጉንዳኗ ተረትታለች! ጎተራዋን ትክፈት!» አሉ። «ትክፈት!» አለ ሌላው። «ትክፈት!» አለ ሜዳው። ሹሙ ከወንበሩ ተነሣ። ዲሬክተሩ ከታች ሆኖ ላቡ እየወረደ «ጨፍሪ በያት! ጨፍሪ በያት!» ይለኛል።

ዓይኖቿ እኔ ላይ ናቸው። አባቴም ከፊት ረድፍ አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ራሴ ላይ ያሰሩልኝን ጥቁር ሻሽ ፈታሁና መሬት ላይ ጣልኩት።

«ተረታሁ!» አልኩ።

ሹሙ የተደገሰለትን ሳይቀምስ ሄደ። እሷን ወዲያው ቢሮ አስገብተው «ማን አስጠናሽ?» ሲሏት «ጉንዳኗን ጠይቋት» ብላ መለሰች። ሽልማቷ ተሰረዘ፤ ከትምህርት ቤትም ተባረረች። በር ላይ ስጠብቃት እየሣቀች ወጣች። «ረታሁሽ እኮ! በትምህርትም በክስም ረታሁሽ!»

«አዳሪ ትምህርት ቤቱስ?» አልኳት እያለቀስኩ። «ምግቡስ?»

ሳቋን ተወችው። «አባቴ ሰነፍ ነው ብዬ በልቼ የምጠግብ መሰለሽ?»

በማግስቱ ጠዋት ከእናትና ከአባቷ ጋር በወረኢሉ መንገድ ወደ ደሴ ተነሡ። እዚያ እህል ይሰጣል የሚል ወሬ ነበር። እናቴ አንዲት ቃል ሳትናገር ያለንን ጥሬ በስልቻ ሞልታ ሰጠቻቸው። ልጅቷ ጥግ እስክትታጠፍ ሦስቱንም ቆሜ አየኋቸው።

ሳምንት ሳይሞላ አዳሪው ቦታ ለሁለተኛዋ ተሰጠ ተብሎ ተነገረን፤ ለኔ ማለት ነው። አልሄድም አልኩ። አባቴ ለመነኝ፣ ተቆጣኝ፣ በመጨረሻም መታኝ። አልሄድኩም። ልብስ ስፌት ተምሬ ይኸው በመቀስ እጄ ጠወለገ። አይቆጭሽም ትይኛለሽ። ይቆጨኛል እንጂ! ግን ዛሬም መልሰው ቢጠሩኝ አልሄድም።

አብዮቱ ሲፈነዳ ያው ዲሬክተር ጡጫውን ሽቅብ እያነሣ ቤታችን መጣ። ያን ጨዋታ እንደገና እንድንሠራው ይፈልጋል። በአዲሱ ጉንዳኗ አድኃሪ ናት፣ ፌንጣዋ ሰፊው ሕዝብ፤ መጨረሻ ላይ የምለው መፈክርም ተዘጋጅቷል። አየሽ፣ ምክሩ እንደገና ከሥር ተጽፎልኛል። «ፌንጣዋን አምጡልኝና እጫወታለሁ» አልኩት። ቀበሌ ጠርተው ገሠጹኝ፤ እዚያም ይህንኑ አልኩ።

ከዓመት በኋላ ከአባቴ ጋር ለንግድ ወረኢሉ ሄድኩ። እህል ተራው አጠገብ አንድ ሰው ገለባ ሲጠርግ አየሁ፤ በቁመቱ አወቅሁት፤ አባቷ ነው። ብቻውን ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ» አልኩ።

ቀና ብሎ ብዙ አየኝ። «ወአለይኩም ሰላም። አንቺ የነጋዴው ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ፣ አባባ።» ቀጥሎ የሚጠየቀውን መጠየቅ አቃተኝ። እሱ ራሱ ነገረኝ።

«እናቷ መንገድ ላይ ቀረች። እሷ እዚህ ደረሰች፤ ከመስጊዱ በላይ፣ ከመቃብሩ ናት። አልተራበችም ብዬ አልዋሽሽም፣ ልጄ። ግን እስከ መጨረሻዋ ‹አባ፣ ረትቻታለሁ፣ ወላሂ በአደባባይ ረትቻታለሁ› እያለች ትሥቅ ነበር። ትኩሳቱ ነው እያልኩ እተዋታለሁ። እውነቷን ነው እንዴ?»

«እውነቷን ነው፣ አባባ። ረትታኛለች» አልኩት በሹክሹክታ።

መጥረጊያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «አልሰማሁሽም። ጮክ በይ።»

እህል ተራው በሰው ተሞልቷል፤ አባቴም ከኋላዬ እጄን ይጎትታል።

«ረትታኛለች!» ብዬ ጮኽኩ። ገበያተኛው ሁሉ ዘወር አለ። ሰውየው ራሱን ነቀነቀና ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው።