አርባ አንድ ታርጋ

የእህቴ ባል ያን ቀን ኪሱ ውስጥ የነበረውን ወረቀት አውጥቶ ለሥራ ጓደኞቹ ለሞተረኞቹ ቢያሳያቸው ኖሮ ስሙ ይጸዳ ነበር። አንድ ገጽ ነው፤ ለማንበብ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ለምን አላሳያቸውም? መጽሐፍ ይዤ ቁጭ ባልኩ ቁጥር ገጹን ትቼ ወደዚህ ጥያቄ እመለሳለሁ፤ መልሱን ግን አላገኘሁትም። የማውቀውን ብቻ እጽፋለሁ።

ሞተረኞቹ ጋሽ ማህተም ይሉታል። ሞተር ከመያዙ በፊት አሥራ አራት ዓመት የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ሲታጠፍ ተሰናበተ፤ ሲሰናበት በተሰጠው ገንዘብ ያገለገለ ሞተር ገዛ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ ከጤና ጣቢያዎች የደምና የአክታ ናሙና እየተቀበለ ወደ ላቦራቶሪ ሲያደርስ ኖሯል። ከመቀመጫው ኋላ ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን በጎማ ገመድ ታስሯል። ናሙናው በሰዓቱ ካልደረሰ ይበላሻል፤ በሽተኛው እንደገና ይወጋል። ስለዚህ አይዘገይም፤ ግን አይበርም። ሄልሜቱን ሳያስር ሞተር አስነስቶ አያውቅም።

ግልባጭ የሌለውን ነገር አያምንም። ጓደኞቹ «ሲሞት መቃብሩ ላይ ድንጋይ አይቆምለትም፣ ክብ ማህተም ነው የሚመታበት» እያሉ ይስቁበታል። እህቴም «እኔን ራሴን ያገባኝ በሦስት ኮፒ ነው» ትላለች። እሱም አብሮ ይስቃል።

ሞተር ከከተማው መንገዶች ሊከለከል ነው የሚለው ወሬ ሲመጣ ሞተረኞቹ ሞተር ማጠቢያው ጋ ተሰበሰቡ። እኔም ከእሱ ኋላ ተቀምጬ ሄጄ ነበር።

«ምክንያቱ ምንድን ነው?» አለ ዳቦ አድራሹ። በየሱቁ ዳቦ የሚያከፋፍል ወፍራም ሰው ነው።

«ስልክ ነጥቆ በሞተር የሚያመልጠው በዛ አሉ። አደጋም በዛ» አለ ከመሃል አንዱ።

«ሌባው ጫማም አድርጓል እኮ» አለ ድመት። «ጫማ ይከልከሉዋ።»

ድመት የተባለው ብዙ ጊዜ ወድቆ ሁሉንም ጊዜ ስለተነሣ ነው። የሞተሩ ፈቃድ ካለፈበት ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ጋሽ ማህተም ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። «ከሌባው ጋር አንድ ያደረጉን ስለማያውቁን ነው» አለ። «ሰው በቢላ ሰው ቢወጋ የሚታሰረው ሰውየው ነው፣ ሽንኩርት የሚከትፈው ሁሉ አይደለም። ይህን እንጽፍላቸዋለን። ግን ስም ብቻ የፈሪ ፊርማ ነው። ስም፣ የታርጋ ቁጥር፣ የሥራ ዓይነት፣ የቤት አድራሻ፣ ሞተሩ የሚያድርበት ቦታ ሳይቀር እንሙላ።»

«የሚያድርበትን ምን ያደርጉታል?» አለ ድመት። «መጥተው ብርድ ልብስ ሊያለብሱት ነው?»

«ሙሉ ያልሆነ ማመልከቻ ገቢ አይሆንም። ይህን እንኳ ለኔ ተውልኝ።»

«እኔ ጽሕፈት ላይ ሰነፍ ነኝ» አለ ድመት፤ አልፈረመም።

ዳቦ አድራሹም አመነታ። ጋሽ ማህተም እስክሪብቶውን አቀበለውና «አንደኛ ተራ ላይ የኔ ስም ነው ያለው። ክፉ ነገር ከመጣ መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ቤት ነው» አለው። ሰውየው ፈረመ። እሱን አይተው ሌሎቹም ፈረሙ። አርባ አንድ ሆኑ።

ማመልከቻውን አንብቤዋለሁ። ጥሩ ነበር። መኪና የማይገባባቸውን ዳገት ሰፈሮች ቆጥሮ፣ እነዚያ ጤና ጣቢያዎች ውስጥ የሚወሰድ ደም በምን ሊደርስ ነው ብሎ ይጠይቃል። ያጠፋው ይቀጣ፣ ታርጋ የሌለው ይያዝ፣ የፍጥነት ወሰን ይውጣ፣ ሠርቶ የሚበላው ግን ከሥራው አይነቀል ይላል። ከኋላው አራት ገጽ ሠንጠረዥ፣ መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ። ለመንገድ ጽሕፈት ቤቱ ያስገባው ራሱ ነው። ግልባጩ ላይ ማህተም አስመትቶ ሲመለስ ልጅ የተወለደለት ሰው ይመስል ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ውሳኔው ወጣ። ጥናቱ እስኪያልቅ ድረስ ሞተሮች ተሰብስበው ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ይቆያሉ። የማን ሞተር የት እንደሚያድር የሚያውቅ መሥሪያ ቤት ግን አልነበረም፤ የጋሽ ማህተም ሠንጠረዥ ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ድመት ደወለ። ስልኩ ጮክ ስለሚል እኔም ሰማሁት።

«ጋሼ፣ ያንተን ሠንጠረዥ ይዘው ነው የሚዞሩት። ከታችኛው ሰፈር አሥራ ሁለት ጭነዋል። የዳቦውንም ከነዳቦው። አሁኑኑ አስነሣትና እኔ ጋ አምጣት።»

ጋሽ ማህተም ግቢው ውስጥ የቆመውን ሞተር አየ።

«ትሰማኛለህ? ሰዓት የለህም።»

«የኔዋ ከተረፈች እነሱ ምን ይላሉ?» አለና ዘጋው።

በተራ ቁጥር አልነበረም የሄዱት፤ ለመኪናቸው በቀና መንገድ ነው። አንደኛ ተራ ላይ የፈረመው ጋሽ ማህተም አሥራ ሦስተኛ ሆነ። የገባው ቃል እንኳ አልተከበረለትም።

ሞተሩን ገፍቶ ከበሩ ውጭ አቁሞ፣ ሊብሬውን ይዞ ጠበቃቸው። የመጣው ኃላፊ ወጣት ነው፤ ትሑት። ደረሰኝ ጽፎ ሰጠው። ጋሽ ማህተም አነበበውና «የሻንሲ ቁጥሩ ላይ ሰባቱን አንድ አድርገውታል» አለው። ኃላፊው አመስግኖ አረመ። ከዚያ እጁ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አየ፣ ጋሽ ማህተምን አየ።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«እንዴት ያለ ሥራ ነው። ይህ ባይኖር ወር ይፈጅብን ነበር።»

አሽሙር አልነበረም። ከልቡ ነው የተናገረው፤ ይበልጥ የከፋው ነገርም ይኸው ነው። የተያዙትን የሚመዘግብ ሰው እንደቸገራቸው ነገረውና «ሐሙስ ጠዋት ይምጡ፣ ቦታው ክፍት ነው» አለው። ሰማያዊው ሳጥን ብቻ ደጃፍ ላይ ቀረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል በዓይኑ አልዞረም። ላቦራቶሪው ሥራውን ለአንድ ባለመኪና ሰጠው። የጎረቤት ልጆች ሳይቀሩ «ሻጩ» ማለት ጀመሩ። የእኔና የእነሱ ክፍል የሚለየው በቁም ሳጥን ነው፤ እህቴ ረቡዕ ማታ ያለችው ሁሉ ተሰምቶኛል።

«ሥራው ብትገባም ባትገባም የሸጠን እሱ ነው ብለዋል» አለች። «መሰደብህ ካልቀረ ለምን በባዶ እጅህ ትሰደባለህ?»

«በጻፍኩት ዝርዝር ሞተራቸውን አስወስጄ፣ ደግሞ መስኮት ውስጥ ተቀምጬ ተራ ላስይዛቸው?»

«እነሱ ናቸው ወይስ እኔ ነኝ ካንተ ጋር የምኖረው?»

አልጋው እስኪነጋ ሲንቋቋ አደረ።

ጠዋት ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ሲጽፍ አየሁት። እህቴ ሸሚዙን ተኮሰችለት። እኔንም ወደ ጓሮ ጠርታ «መንገድ ላይ ሐሳቡን እንዳይቀይር አብረኸው ሂድ» አለችኝ። እሷ የመሰላት የሥራ ማመልከቻ ነው። እኔም የመሰለኝ እሱ ነው።

በእግር ሄድን። ኃላፊው ተነሥቶ ወንበር ሳበለት። ጋሽ ማህተም አልተቀመጠም፤ ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጠው። ኃላፊው አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረገው። የተሰጠኝን የመዝጋቢነት ሥራ የማልቀበል መሆኔን አሳውቃለሁ ይላል።

«ይህን ለማለት ነው የመጡት? መቅረት ይችሉ ነበር እኮ።»

«የቀረ ሰው ቀረ ነው የሚባለው። እምቢ ማለቴ ይታወቅልኝ። ግልባጩ ላይ ማህተም ያድርጉልኝ።»

ኃላፊው መታለት።

«ያን አርባ አንዳችን የፈረምንበትን ማመልከቻም ይመልሱልኝ» አለ ጋሽ ማህተም።

«ገቢ የሆነ ሰነድ አይወጣም፣ ያውቁታል።»

«አውቃለሁ። እኔም አሥራ አራት ዓመት ለሰው እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ።»

ኃላፊው አዝኖ ነው መሰለኝ እስከ ደጃፉ ሸኘው፤ እጁንም ጨበጠው። ያን ባያደርግ ይሻል ነበር። በሩ ላይ ዘጠኝ አሥር የሚሆኑ ሞተረኞች ሞተራቸውን ሊጠይቁ ቆመዋል። ከኋላችን በግቢው ውስጥ ሞተሮቹ ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል፤ የአንዳንዱ መቀመጫ አቧራ ለብሷል። ያዩት ይህን ነው፤ ጋሽ ማህተም በተተኮሰ ሸሚዝ፣ ኃላፊው እየጨበጠው፣ እጁ ላይ ቀለሙ ያልደረቀ ማህተም ያለበት ወረቀት።

«ተመታልህ ማለት ነው» አለ ዳቦ አድራሹ። «በታርጋ ስንት ከፈሉህ?»

አንድ ሁለቱ ሳቁ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ጋሽ ማህተም ክንዴን ያዘኝ፤ አጥብቆ።

ድመት ከግቢው ውጭ፣ ከዘበኞቹ ዓይን ራቅ ብሎ፣ ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። «ጋሼ፣ የያዝከውን አሳያቸውና አፋቸውን ዝጋ» አለው።

ጋሽ ማህተም ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈው፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ ቁልፉን ቆለፈ።

«ወረቀት በቃችሁ» አለ።

በመሃላቸው አለፍን። ማንም አልነካውም፤ የሚተላለፍ በሽታ ያለበት ሰው ይመስል ግራና ቀኝ ተከፈሉለት። ዳቦ አድራሹ መሬት ላይ እንትፍ አለ። ቢመቱት ይቀለው ነበር። እኔ በማግሥቱ ተመልሼ እውነቱን ነገርኳቸው፤ «የሚስቱ ወንድም ነህ፣ ምን ልትል ኖሯል» አሉኝ።

ድመት ሞተሩን አስነሥቶ በጓሮ መንገድ ሄደ። እሱ እስከ ዛሬ ይነዳል። ስልክ ነጣቂዎቹም እስከ ዛሬ ይነዳሉ፤ እነሱም አልፈረሙም ነበር።

ቤት ስንደርስ እህቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ምን አሉህ?»

«ገቢ ሆኗል።»

ፊቱን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ገባት። ወደ ማድ ቤት ገብታ ንጹሑን ድስት መፈተግ ጀመረች።

እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የአንድ እግሩን ጫማ ማሰሪያ ፈታ፤ ሁለተኛውን ጀምሮ ተወው። ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጋደም አለ። የድስቱ ድምፅ ገና አላቆመም። ሐሙስ ረፋድ አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንቅልፍ ወሰደው።